በአንድ ዳታቤዝ የብዙ ቋንቋ ጽሑፍ ማስቀመጥ፦ ከዝግጅት እስከ ጥገና

አማርኛን ከአፋን ኦሮሞ፣ ከትግርኛ፣ ከዓረብኛና ከእንግሊዝኛ ጋር በአንድ ዳታቤዝ ለማስቀመጥ የሚሞክሩ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡን በትክክል ያዘጋጁና ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበትን ግንኙነት ሳይነኩ ይተዉታል። ጽሑፍ ከተጠቃሚው ኪቦርድ ተነስቶ ሰንጠረዥ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ በገጹ፣ በፕሮግራሙ፣ በግንኙነቱና በዓምዱ በኩል ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከሌሎቹ የተለየ ኮድ ከተጠቀመ ፊደሉ ይበላሻል፤ የከፋው ደግሞ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አለመታየቱ ነው። በተሳሳተ ግንኙነት የገባ ጽሑፍ በዚያው ግንኙነት ሲነበብ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ጉዱ የሚወጣው ሌላ ፕሮግራም ሲያነበው ወይም ዳታው ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር ነው።

መመሪያው በማይኤስኪውኤልና በማሪያዲቢ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በፖስትግሬስና በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የሚለየው ነገር ለብቻው ተቀምጧል። ትዕዛዞቹ እንደሚነበቡ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ሲተይቧቸው ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። እንደ ምሳሌ የምንከተለው አንድ የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት አገልግሎቶቹን በአምስት ቋንቋ የሚያሳውቅበትን ዳታቤዝ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

1. የሰርቨርዎን ስሪት ይወቁ። «ሴሌክት ቨርዥን» የሚለው ትዕዛዝ ይነግርዎታል። በማይኤስኪውኤል 8.0 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት ስሪቶች ምንም ካልነኩ የሚያገኙት ካራክተር ሴት (ፊደላት ወደ ባይት የሚለወጡበት የኮድ ሥርዓት) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው። በ5.7 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ግን ላቲን1 ነው፤ ላቲን1 ደግሞ አንድም የግዕዝ ፊደል የለውም። ከ5.5.3 በፊት ያለ ስሪት ላይ ከሆኑ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጭራሽ ስለሌለ መጀመሪያ ሰርቨሩን ያሳድጉ።

2. ነባር ዳታ ካለዎት ባክአፕ ይውሰዱና ባክአፑን በሌላ ሰርቨር ላይ መልሰው ከፍተው ይዩት። ያልተፈተነ ባክአፕ ይዞ ወደ ካራክተር ሴት ለውጥ መግባት አደገኛ ነው፤ ከታች የሚመጡት አንዳንድ ትዕዛዞች መመለሻ የላቸውም።

3. የሚያስቀምጧቸውን ቋንቋዎች ከነኮዳቸው ይዘርዝሩ። አማርኛ ኤኤም፣ አፋን ኦሮሞ ኦኤም፣ ትግርኛ ቲአይ፣ ሶማሊኛ ኤስኦ፣ አፋርኛ ኤኤ፣ ዓረብኛ ኤአር ናቸው። ሲዳምኛና ወላይትኛ ግን ባለ ሁለት ሆሄ ኮድ የላቸውም፤ ኤስአይዲ እና ደብሊውኤኤል የሚሉትን ባለ ሦስት ሆሄ ኮዶች ይይዛሉ። ስለዚህ የቋንቋ ኮድ ዓምዱን በሁለት ፊደል አይገድቡት። አገርንና የአጻጻፍ ዓይነትን የሚጨምሩ ረዣዥም ኮዶችም ስላሉ 35 ፊደል የሚይዝ ዓምድ ይስጡት።

ደረጃ 1፦ የመፈተኛ ጽሑፍ ያዘጋጁ

በዩቲኤፍ-8 በተቀመጠ አንድ ፋይል ውስጥ የሚከተሉትን ይጻፉ፤ በየደረጃው ወደዚህ ፋይል ይመለሳሉ።

1. «ሀ» ብቻዋን፣ ቀጥሎም «ሰላም» የሚለው ቃል ብቻውን።
2. ዲቃላ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ያለበት ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ቋንቋችንን እንማር።»
3. ቐ ያለበት የትግርኛ ቃል።
4. በቁቤ የተጻፈ፣ በመካከሉ ሁዻ (ነጠላ ጥቅስ የሚመስለው ምልክት) ያለበት የአፋን ኦሮሞ ቃል።
5. አንድ የዓረብኛ ዓረፍተ ነገር።
6. አንድ ኢሞጂ።

ኢሞጂዋን እንደ ጌጥ አይዩአት። የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛሉ፣ ኢሞጂ ግን አራት ባይት ትፈልጋለች። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ተብሎ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ዩቲኤፍ8ኤምቢ3 ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። አማርኛ ብቻ የፈተነ ሰው ሁሉም ነገር እንደሠራለት ያምናል። ነገሩ ኢሞጂ አልባ ለሆነ ዳታቤዝም ይመለከታል፦ በ2021 ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች የጨመራቸው የግዕዝ ፊደላት የተቀመጡት ከመጀመሪያው የዩኒኮድ ሰሌዳ ውጪ ስለሆነ እነሱም አራት ባይት ይወስዳሉ። ዛሬ በሦስት ባይት የተሠራ ዳታቤዝ ነገ የጉራጌ ተጠቃሚን ስም አይቀበልም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ዳታቤዙን ይፍጠሩ

1. ዳታቤዙን ሲፈጥሩ ካራክተር ሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለው በግልጽ ይጻፉ። ሰርቨሩ በራሱ ይህንኑ የሚሰጥ ቢሆንም ይጻፉት፤ ያው ስክሪፕት ሌላ ሰርቨር ላይ ሲሠራ ሌላ ነገር እንዳይፈጥር ነው።

2. ኮሌሽኑን ይምረጡ። ኮሌሽን ፊደላት እንዴት እንደሚወዳደሩና እንደሚደረደሩ የሚወስን ደንብ ነው። የማይኤስኪውኤል 8.0 መነሻ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_0900_ኤአይ_ሲአይ ሲሆን ማይኤስኪውኤልን ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ጥሩ ነው። ዳታው አንድ ቀን ወደ ማሪያዲቢ ሊዛወር የሚችል ከሆነ ግን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ዩኒኮድ_520_ሲአይን ይምረጡ፤ ይህኛው በሁለቱም ላይ አለ።

3. ስሙ ላይ «ጄኔራል» የሚል ያለበትን ኮሌሽን አይጠቀሙ። ባለ አራት ባይት ፊደላትን በሙሉ እንደ አንድ ፊደል ስለሚቆጥራቸው፣ በእነሱ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ድግግሞሽ በተከለከለበት ዓምድ ላይ «ተደጋግሟል» ይባላሉ።

4. የ«ኤስኪውኤል ሞድ» ቅንብርዎ ውስጥ «ስትሪክት ትራንስ ቴብልስ» መኖሩን ያረጋግጡ። ይህ ሲኖር ዓምዱ የማይቀበለው ፊደል ያለበት ጽሑፍ ስህተት ቁጥር 1366 ሰጥቶ ይቆማል። ከሌለ ግን ሰርቨሩ ጽሑፉን ቆርጦ ወይም በጥያቄ ምልክት ተክቶ ያስገባና ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ እምብዛም የለም።

የተሳሳተ እንደሆነ፦ ዳታቤዙን በላቲን1 ፈጥረው ሰንጠረዦች ከተሠሩ በኋላ ከነቁ፣ «ኦልተር ዳታቤዝ» ብቻውን ምንም አያድንም፤ የሚነካው ወደፊት የሚፈጠሩትን ሰንጠረዦች ነው። ባዶ ከሆኑ ሰንጠረዦቹን አጥፍተው እንደገና ይፍጠሩ። ዳታ ካለባቸው አይንኳቸው፤ መጀመሪያ ደረጃ 7ን ያንብቡ።

ደረጃ 3፦ ግንኙነቱን ያስተካክሉ

ሌላውን በጥድፊያ ቢያልፉ እንኳ በዚህ ደረጃ ላይ አይጣደፉ።

1. በፕሮግራምዎ የግንኙነት ቅንብር ውስጥ ካራክተር ሴቱን ይጻፉ። በፒኤችፒ ፒዲኦ ከሆነ በግንኙነቱ መስመር ላይ «ቻርሴት» በሚለው ስር ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይበሉ። በማይኤስኪውኤልአይ ከሆነ ከተገናኙ በኋላ ወዲያውኑ «ሴት ቻርሴት» የሚለውን ተግባር ይጥሩ። በፓይተንም እንዲሁ ግንኙነቱን በሚከፍተው ተግባር ላይ «ቻርሴት» የሚለውን መለኪያ ይሙሉ።

2. ቋንቋዎ ለዚህ የተዘጋጀ ተግባር ካለው «ሴት ኔምስ» የሚለውን ጥሬ ትዕዛዝ አይላኩ። ትዕዛዙ ሰርቨሩን ያሳውቃል፣ በፕሮግራሙ በኩል ያለው ላይብረሪ ግን ለውጡን አያውቅም፤ ልዩ ምልክቶችን ከአደጋ የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ የሚካሄደው በላይብረሪው ነው።

3. በዚያው ፕሮግራም ግንኙነት ውስጥ ሆነው «ሾው ቫሪያብልስ ላይክ» ብለው በ«ካራክተር ሴት» የሚጀምሩትን ቅንብሮች ያስወጡ። ክላየንት፣ ኮኔክሽን እና ሪዘልትስ የሚሉት ሦስቱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሊሉ ይገባል። «ሲስተም» የሚለው ዩቲኤፍ8ኤምቢ3 ቢል፣ «ፋይል ሲስተም» የሚለውም ባይነሪ ቢል አይደንግጡ፤ አሠራራቸው ነው፣ አይንኳቸው።

4. ፍተሻውን ከትዕዛዝ መስኮት ወይም ከፒኤችፒማይአድሚን ብቻ አያድርጉ። እነሱ የራሳቸውን ግንኙነት ስለሚከፍቱ የእነሱ መስተካከል ስለ ፕሮግራምዎ ምንም አይነግርዎትም።

5. ገጹ ራሱ በዩቲኤፍ-8 መላኩን፣ የኮድ ፋይሎቹም በዩቲኤፍ-8 መቀመጣቸውን ይፈትሹ።

በዊንዶውስ ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ላይ አማርኛ መተየብን ይተዉ። መስኮቱ ፊደሉን ለሰርቨሩ ከማድረሱ በፊት ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለውጠው ይችላል፤ ብዙ ሰው ጤነኛ ሰንጠረዥ ያፈረሰው በዚህ የተነሳ ነው። ጽሑፉን በፋይል አዘጋጅተው «ሶርስ» በሚለው ትዕዛዝ ያስገቡት።

ደረጃ 4፦ ሰንጠረዦቹን ይንደፉ

ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ዓምድ መጨመር፣ ማለትም «ስም በአማርኛ»፣ «ስም በኦሮምኛ» እያሉ መቀጠል፣ ለሁለት ቋንቋ ቀላል ይመስላል። ስድስተኛው ቋንቋ ሲመጣ ግን ሰንጠረዡም፣ ቅጹም፣ ጥያቄዎቹም ሁሉ መለወጥ አለባቸው። ትርጉሞቹን በሙሉ በአንድ የጄሰን ዓምድ መክተትም ይቻላል፤ ፍለጋውና ቁጥጥሩ ግን ይከብዳል። እኔ የምመክረው ሦስት ሰንጠረዥ ነው።

1. የቋንቋዎች ሰንጠረዥ። ኮድ፣ የቋንቋው ስም በራሱ ቋንቋ፣ የአጻጻፍ አቅጣጫ (ከግራ ወይስ ከቀኝ)፣ እና በሥራ ላይ ነው ወይስ አይደለም የሚሉ ዓምዶች ይኑሩት።

2. የአገልግሎቶች ሰንጠረዥ። ቋንቋ የማይነካቸው ነገሮች ብቻ ይግቡበት፦ መለያ ቁጥር፣ ክፍያ፣ የቢሮ ቁጥር፣ የተሻሻለበት ጊዜ። እዚህ ሰንጠረዥ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ የሚገባ አንድ የአማርኛ ስም ዓምድ በኋላ ሁለት የተለያየ ስም ያለው አገልግሎት ይፈጥራል፤ አያስገቡት።

3. የትርጉሞች ሰንጠረዥ። የአገልግሎቱ መለያ፣ የቋንቋው ኮድ፣ ስሙ፣ ዝርዝሩ፣ የፍለጋ ቁልፍ፣ እና ትርጉሙ የተሠራበት የዋናው ጽሑፍ የእትም ቁጥር። ዋና ቁልፉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓምዶች ጥምረት ይሁን፤ ያን ጊዜ አንድ አገልግሎት በአንድ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ሊገባ አይችልም። ሁለቱንም ዓምዶች በፎሪን ኪ ከእናት ሰንጠረዦቻቸው ጋር ያስሩ።

የእትም ቁጥሩ ዓምድ በብዙ ንድፎች ላይ የለም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ተጠቃሚውን የሚጠብቀው እሱ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ «ሁለት ፎቶግራፍ ያቅርቡ» ከሚለው ወደ «አራት ፎቶግራፍ» ተለውጦ የሶማሊኛው ሳይለወጥ ቢቀር፣ ዳታቤዙ ያንን ካላወቀ የሚጉላላው ከቢሮው ደጃፍ የደረሰው ባለጉዳይ ነው። ቁጥሮቹን በማነጻጸር ያረጁትን ትርጉሞች በአንድ ጥያቄ ማውጣት ይችላሉ።

ስለ ርዝመት፦ በማይኤስኪውኤል ቫርቻር 200 ማለት 200 ፊደል ነው እንጂ 200 ባይት አይደለም። ቴክስት የሚባለው ዓይነት ግን በባይት ይለካል፤ 65,535 ባይት ማለት 21,845 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። ረጅም መመሪያ ወይም ደንብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ሚዲየም ቴክስት ይጠቀሙ።

የተሳሳተ እንደሆነ፦ ኢንዴክስ ሲሠሩ «ቁልፉ በጣም ረጅም ነው» የሚል ስህተት ቁጥር 1071 ከመጣ፣ ሰንጠረዡ ያረጀ የረድፍ አቀማመጥ ይዟል ማለት ነው። በዚያ አቀማመጥ ገደቡ 767 ባይት ሲሆን፣ ለአንድ ፊደል አራት ባይት ሲታሰብ 191 ፊደል ብቻ ይሆናል። የረድፍ አቀማመጡን ወደ ዳይናሚክ ይለውጡ፤ ገደቡ ወደ 3,072 ባይት ይደርሳል። ዓምዱን ወደ 191 ማሳጠር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ትርጉም በሌለበት ቋንቋ ወደ አማርኛው ለመመለስ የትርጉሞችን ሰንጠረዥ ሁለት ጊዜ በሌፍት ጆይን ያገናኙ፤ አንዱን በተጠየቀው ቋንቋ፣ ሌላውን በአማርኛ፣ ከዚያም «ኮአለስ» በሚባለው ተግባር ያለውን ይምረጡ። ጥያቄው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ የተገኘበትን ቋንቋ ኮድም ይመልስ። አለዚያ የዓረብኛው ገጽ አማርኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ሊያሰልፈው ይሞክራል። ባዶ ጽሑፍ እንደ ትርጉም ተቆጥሮ ገጹ ባዶ ከሆነ ደግሞ፣ ተርጓሚው ሳይሞላ ያስቀመጠው ረድፍ አለ ማለት ነው፤ «ነልኢፍ» ይጨምሩ፣ ወይም ይበልጥ የሚሻለው ያልተተረጎመን ረድፍ ጭራሽ አለማስገባት ነው።

ደረጃ 5፦ ጽሑፉን አጥርተው ያስገቡ

ካራክተር ሴቱ ቢስተካከልም ጽሑፉ ራሱ በየዓይነቱ ሆኖ ይመጣል። ከማስገባትዎ በፊት በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከተለውን ያድርጉ።

1. ሁሉንም ጽሑፍ ወደ ኤንኤፍሲ (ፊደልንና ምልክቱን በአንድ ኮድ ወደሚያዋሕደው የዩኒኮድ አጻጻፍ) ይለውጡ። የግዕዝ ፊደላትን ብዙም አይነካም፤ ከላያቸው ምልክት የሚወጣባቸውን የላቲንና የዓረብኛ ፊደላት ግን አንድ ወጥ ያደርጋቸዋል።

2. በአማርኛና በትግርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ነጥብን ደግመው «፡፡» ብለው የሚጽፉትን ወደ አራት ነጥብ «።» ይለውጡ። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን አንዱ ሁለት ምልክት ሌላው አንድ ምልክት ነው፤ ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ የሚቆርጥ ፕሮግራም የመጀመሪያውን አያየውም። የላቲኑን ኮለን ሁለት ጊዜ የሚጽፉም አሉ። ቃላትን ለመለየት የገባውን ሁለት ነጥብ «፡» ደግሞ በፍለጋ ቁልፉ ውስጥ በባዶ ቦታ ይተኩ።

3. በቁቤ ጽሑፍ ውስጥ ሁዻን አንድ ወጥ ያድርጉ። ቀጥ ያለው፣ ጎባጣው የጥቅስ ምልክትና የሆሄነት ባሕርይ ያለው ምልክት ሦስት የተለያዩ ኮዶች ናቸው፤ ስልክ አንዱን፣ ዎርድ ሌላውን ይጽፋል። አንዱን መርጠው ሌሎቹን ወደ እሱ ይለውጡ። ቀጥ ያለው ሁዻ በኤስኪውኤል ጽሑፍን የሚዘጋ ምልክት ስለሆነም ጽሑፍን ከትዕዛዝ ጋር በመቀጣጠል የተሠራ ፕሮግራም በመጀመሪያው የአፋን ኦሮሞ ስም ይሰበራል፣ ለጥቃትም ክፍት ይሆናል። ሁልጊዜ ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ትዕዛዙና ጽሑፉ ተለያይተው የሚላኩበትን ዘዴ) ይጠቀሙ።

4. ዓረብኛንና ዕብራይስጥን በሚነበቡበት ቅደም ተከተል፣ የመጀመሪያውን ፊደል መጀመሪያ አድርገው ያስቀምጡ። በስክሪን ላይ ተገልብጦ ከታየ ገጹን ያስተካክሉ፤ ዳታውን አይገልብጡ።

5. ከቆዩ ሰነዶች የመጣ አማርኛን ይጠርጥሩ። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው በ3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና እንደ ቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ስሪቶች ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከውስጥ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጀመሪያ በመለወጫ ወደ ዩኒኮድ መዞር አለበት። ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ወደ አቢሲኒካ ሲለውጡት የላቲን ፊደላት ከታዩ፣ ጽሑፉ ከዚህ ወገን ነው።

6. ርዝመት ሲቆርጡ በፊደል እንጂ በባይት አይቁረጡ። በፒኤችፒ «ሰብስትር» ሳይሆን «ኤምቢ ሰብስትር» ይጠቀሙ። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር አልማዝ ከታየ አንድ ፊደል ከመሃሉ ተቆርጧል።

7. ከኤክሴል የሚመጣ ዳታ በ«ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ይቀመጥ፤ ተራው ሲኤስቪ ግዕዙን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። «ሎድ ዳታ» ሲጠቀሙ የፋይሉን ካራክተር ሴት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለው በትዕዛዙ ውስጥ ይጻፉ። ኤክሴል በፋይሉ መነሻ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ስለሚጨምር የመጀመሪያው ረድፍ የመጀመሪያ ዋጋ አልገናኝ ካለዎት እነሱን ያስወግዱ።

ደረጃ 6፦ በዓይን ሳይሆን በባይት ይፈትሹ

የመፈተኛ ጽሑፉን በፕሮግራምዎ በኩል ያስገቡ፤ ከዚያ በሰርቨሩ ላይ «ሄክስ» በሚባለው ተግባር የተቀመጠውን ባይት ያውጡ። ለፊደሏ «ሀ» የሚመጣው መልስ ያለበትን ሁኔታ ቁርጥ አድርጎ ይነግርዎታል።

1. ኢ1 88 80 ከመጣና የዓምዱ ካራክተር ሴት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ከሆነ ትክክል ነው። ለማረጋገጥ «ሰላም» ላይ «ካር ሌንግዝ» 3፣ «ሌንግዝ» ደግሞ 9 ሊሰጥዎት ይገባል።

2. ኢ1 88 80 መጥቶ ዓምዱ ላቲን1 ከሆነ፣ ባይቱ ትክክል ነው፣ የዓምዱ ስያሜ ግን ውሸት ነው። «ካር ሌንግዝ» ለ«ሀ» ብቻ 3 ይሰጣል። ደረጃ 7 ሀን ይመልከቱ።

3. ሲ3 ኤ1 ሲቢ 86 ኢ2 82 ኤሲ ከመጣ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ኮድ ሆኗል። የግዕዝ ዋና ፊደላት ሁሉም በኢ1 ባይት ስለሚጀምሩና ይህ ባይት በላቲን1 ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ ስለሆነ፣ በስክሪን ላይ በየሦስት ምልክቱ ያችኑ ፊደል ደጋግመው ያያሉ። ደረጃ 7 ለን ይመልከቱ።

4. 3ኤፍ ከመጣ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ራሱ ነው። ፊደሉ ጠፍቷል፤ የሚመልሰው ትዕዛዝ የለም። ግንኙነቱን አስተካክለው ከምንጩ እንደገና ያስገቡ።

ባይቱ ትክክል ሆኖ በስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ከታየ፣ የጎደለው ፎንት ነው፤ ዳታቤዙን አይንኩ። ኢሞጂዋ በኤፍ0 የሚጀምር አራት ባይት ሆና መቀመጧን ሳያዩ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ደረጃ 7፦ የተበላሸ ነባር ዳታን መጠገን

ሀ. ዓምዱ ላቲን1፣ ባይቱ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ

1. በዓምዱ ላይ ያለውን የፉል ቴክስት ኢንዴክስ (በጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈለግበትን ማውጫ) ያንሱ።
2. ዓምዱን ወደ ቫርባይነሪ (ቴክስት ከነበረ ወደ ብሎብ) ይለውጡ። ሰርቨሩ ባይቱን ሳይነካ ስያሜውን ብቻ ይረሳል።
3. ያንኑ ዓምድ ወደ ቫርቻር ወይም ወደ ቴክስት በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይመልሱት።
4. የዓምዱን «ባዶ መሆን አይችልም» እና የመነሻ ዋጋ ቅንብሮች በሁለቱም ትዕዛዞች ላይ እንደገና ይጻፉ፤ ካልጻፉ ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ «ኮንቨርት ቱ» የሚለውን ትዕዛዝ በቀጥታ አይጠቀሙ። ሰርቨሩ ላቲን1 የሚለውን ስያሜ አምኖ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይተረጉመዋል፤ ውጤቱም ከታች በለ የተገለጸው ብልሽት ነው። ትዕዛዙ የሚያገለግለው በእርግጥም ላቲን1 ለሆነ ዳታ ነው።

ለ. ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ኮድ ከሆነ

1. ከተበላሸው ዓምድ አጠገብ አንድ አዲስ ዓምድ ይጨምሩ።
2. የተበላሸውን ጽሑፍ በ«ኮንቨርት» ወደ ላቲን1፣ በ«ካስት» ወደ ባይነሪ፣ እንደገና በ«ኮንቨርት» ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለውጠው በአዲሱ ዓምድ ያስቀምጡ።
3. ይህን የሄክስ ውጤታቸው በሲ3ኤ1 ለሚጀምሩ ረድፎች ብቻ ያድርጉ። በቁጥር ወይም በላቲን ፊደል የሚጀምሩትን ለብቻቸው አውጥተው በዓይንዎ ይለዩ።
4. አዲሱን ከአሮጌው ጋር አነጻጽረው ሲረኩ ብቻ አሮጌውን ይተኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ጥገና ጤነኛ ረድፍ ላይ ቢያሠሩት ግዕዙ ላቲን1 ውስጥ ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ግንኙነቱ መሃል ላይ የተስተካከለበት ዳታቤዝ ብዙውን ጊዜ ጤነኛና የተበላሸ ረድፍ ቀላቅሎ ይይዛል። አዲስ ዓምድ ላይ መሥራት ያለብዎት ለዚሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ፍለጋውን ያዘጋጁ

«ፀሐይ» ብሎ ያስገባውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። ኮሌሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ለእሱ ትክክል ነው፣ ለአማርኛ ፈላጊ ግን እንቅፋት ነው።

1. ዋናውን ጽሑፍ አይንኩ። የሰው ስም በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈ መቀመጥ አለበት።

2. በ«ፍለጋ ቁልፍ» ዓምድ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ከነሰባቱ ቤታቸው ወደ አንድ አምጥተው ያስቀምጡ። በአማርኛ የሀ እና የአ ግዕዝና ራብዕ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ሃን ወደ ሀ፣ ዓን ወደ አ ይጨምሩ።

3. ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው ተግባር አሳልፈው ይፈልጉ።

4. የአማርኛውን ደንብ ለትግርኛ አይጠቀሙ። በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የድምፅ ልዩነት አላቸው፤ ካዋሐዷቸው የተለያዩ ቃላት ይደባለቃሉ። ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን ግን ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ በትግራይ ፀ በኤርትራ ጸ ስለሚዘወተር አንዱ ቃል በሁለት መልክ ይመጣል። ደንቡን በቋንቋ ኮዱ እየለዩ እንዲሠራ ያድርጉት።

የኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል መነሻ የማከማቻ ሞተር) ፉል ቴክስት ኢንዴክስ በመነሻ ቅንብሩ ከሦስት ፊደል በታች የሆነ ቃል አይመዘግብም። «ቤት»፣ «ውሃ»፣ «ልጅ»፣ «ሥራ» ሁሉም ሁለት ፊደል ናቸው፤ በአማርኛ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። «ኢኖዲቢ ኤፍቲ ሚን ቶከን ሳይዝ» የሚለውን ቅንብር 2 አድርገው ሰርቨሩን እንደገና ያስነሱና ኢንዴክሱን ዳግም ይሥሩ። ይህም «ከቤቱ» እና «የቤት» የሚሉትን አያመጣም፣ ቃሉ ከፊትና ከኋላ ስለተቀጠለበት። በማይኤስኪውኤል ላይ ያለው ኤንግራም የተባለው ቆራጭ ጽሑፉን በሁለት በሁለት ፊደል ስለሚመዘግብ «የቤት» የሚለውን ያገኛል፣ «ከቤቱ» የሚለውን ግን ት ወደ ቱ ስለተለወጠች አያገኝም፤ ኢንዴክሱም ይወፍራል።

የተሳሳተ እንደሆነ፦ ሁለት ሰንጠረዦችን ሲያገናኙ «የተቀላቀለ ኮሌሽን» የሚል ስህተት ቁጥር 1267 ከመጣ አንዱ ሰንጠረዥ በሌላ ኮሌሽን ተፈጥሯል። በጥያቄው ውስጥ ከመጠጋገን ይልቅ ሰንጠረዡን ራሱን ወደ ዳታቤዙ ኮሌሽን ይመልሱ።

በሌሎች ዳታቤዞች ላይ የሚለየው

በፖስትግሬስ ኮዱ የሚወሰነው ዳታቤዙ ሲፈጠር ነው፤ በኋላ አይለወጥም። ዩቲኤፍ8 ብለው ይፍጠሩት፤ እዚያ ዩቲኤፍ8 ማለት እስከ አራት ባይት የሚቀበለው ሙሉው ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤንቫርቻር ይጠቀሙ፤ በትዕዛዝ ውስጥ በቀጥታ የሚጽፉት ጽሑፍም ከፊቱ ትልቁ የላቲን ኤን ይቅደመው። ኤኗ ከተረሳች ዓምዱ ኤንቫርቻር ቢሆንም አማርኛው በጥያቄ ምልክት ይገባል። ከ2019 ስሪት ጀምሮ በቫርቻር ውስጥ ዩቲኤፍ-8 የሚይዙ ኮሌሽኖችም አሉ።

ደረጃ 9፦ ባክአፕና ማዘዋወር

1. በማይኤስኪውኤልደምፕ ሲገለብጡ መነሻ ካራክተር ሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለው ይጻፉ፤ ሲመልሱም ያንኑ ይድገሙ።

2. በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ ውጤቱን በቀስት ምልክት ወደ ፋይል አይላኩ። ፋይሉ በዩቲኤፍ-16 ይጻፍና ሲመለስ አልነበብ ይላል። «ሪዘልት ፋይል» የሚለውን የራሱን አማራጭ ይጠቀሙ።

3. ከማይኤስኪውኤል 8.0 ወደ ማሪያዲቢ ሲያዛውሩ «የማይታወቅ ኮሌሽን» የሚል ስህተት ቁጥር 1273 ከመጣ፣ በደምፕ ፋይሉ ውስጥ 0900 ያለበትን የኮሌሽን ስም በሙሉ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ዩኒኮድ_520_ሲአይ ይተኩ። ይህን የሚያደርጉበት አርታዒ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 የሚያስቀምጥ መሆኑን አስቀድመው ይዩ።

4. በአዲሱ ሰርቨር ላይ የመፈተኛ ረድፎቹን በሄክስ አውጥተው ከአሮጌው ጋር ያነጻጽሩ፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ ያሉትን ረድፎች ብዛትና የ«ካር ሌንግዝ» ድምርም በሁለቱም በኩል ያውጡ። ሁሉም እስኪገጥም ድረስ አሮጌውን ሰርቨር አያጥፉ።